ጋሽ ተፈራ የተጨመሩበት የወንደላጤ ስንብት

ይህን የምጽፈው ሻሸመኔ ላላችሁት፣ በተለይ ለአክስቴ ልጆች ነው። ቁማር ቤት ያለባትን የፍል ውኃ ከተማ ለማየት ብላችሁ መቼም ከአገር አትወጡም። እኔ አይቻት ተመልሻለሁ፤ እናንተ ቁጭ ብላችሁ ስሙ። ስሟን ግን አልነግራችሁም። ከቁማር ቤቷ አስወጥተውናል፤ ላስወጣኝ ሰው ደግሞ በነጻ ማስታወቂያ አልሠራም። ከፍራንክፈርት ወደ ደቡብ፣ በየጣቢያው በሚቆመው ባቡር የግማሽ ቀን መንገድ ናት። ይኸው ይበቃችኋል።

ነገሩ የመጣው በዳዊት ሠርግ ነው። ዳዊት የሥጋ ወንድሜ አይደለም። ጀርመን እንደገባን ያገናኘን አንድ የስደተኞች መኖሪያ ነው፤ ከከተማ የራቀ፣ ከላም በቀር ጎረቤት የሌለው ቤት። እዚያ እያለን የእናቴን ማረፍ በስልክ ሰማሁ። ዳዊት ከየክፍሉ ወንበር ለቃቅሞ ኮሪደሩ ላይ ደረደረና ልቅሶ አስቀመጠኝ። አፍጋኑንም ሶርያዊውንም እየጠራ አጠገቤ አስቀመጣቸው፤ ሰዎቹ ምን እንደሚባል ባያውቁም አብሮ መቀመጡን ያውቁበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ወንድም አለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝን ሁሉ አለኝ እላለሁ። እሱም ሚዜህ ማነው ሲባል "ሶስና ናት፣ አንደኛ ሚዜ" አለ። ወንድ ጓደኛ ጠፍቶ አይደለም። ኒደርራድ ያሉትን ቢሮዎች የሚያጸዳው ናሆም አለ፤ እሱ ሁለተኛ ሚዜ ነው።

የሙሽሪት አባት አቶ ጌታነህ ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም። ሳቁ። ሳቃቸው ከቁጣ ባሰብኝ። እሳቸው ጀርመን የመጡት እኔ ሳልወለድ ነው። "እኛ በትምህርት ነው የመጣነው" ማለት ይወዳሉ፤ እናንተስ በምን መጣችሁ የሚለውን ለኛ ይተውታል። የሙሽራ ሚዜ ሴት ሆና ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም አሉ። በዚያው ሰሞን ደግሞ የወንደላጤ ስንብት ልናደርግ መሆኑ ጆሯቸው ገባ። ጀርመኖች ከሠርግ በፊት ሙሽራውን ይዘው ይወጣሉ። ቅዳሜ ባንሆፍ፣ ማለት ባቡር ጣቢያ፣ ውስጥ ሮዝ ቀሚስ የለበሰ ጎረምሳ በጋሪ ቢራ ሲገፋ ካያችሁ እሱ ነው። አቶ ጌታነህ ይህን ብዙ ጊዜ ስላዩ ልጄን ለጋሪ ገፊ አልሰጥም አሉ። መጨረሻ ላይ የታረቁት በአንድ ነገር ነው፤ ጋሽ ተፈራ አብረውን እንዲሄዱ። "እሳቸው አይተው ይምጡ። የሴት ሚዜውንም ነገር እሳቸው ይቁረጡት" አሉ።

ጋሽ ተፈራ ሆኽስት ያለ የኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ መሐንዲስ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዳዊት እዚህ አባትም አጎትም ስለሌለው ሙሽሪትን ሊያን ሲያስጠይቅ ሽማግሌ ሆነው የሄዱለት እሳቸው ናቸው። እናም የኔ ሚዜነት አፋቸው ላይ ተንጠለጠለ። ወንድሜ ሲዳር ከጎኑ ልቆም ነው ወይስ ከእንግዶች መሀል ተቀምጬ ላጨበጭብ ነው፣ የሚፈረደው በዚህ መንገድ ላይ ነው። ይምጡ አልኩ። ይፈትሹኝ።

እቅዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቁማር ቤቱ የዳዊት ምርጫ ነው። ዳዊት ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፤ "የሀብታሞቹን ሻንጣ አውቀዋለሁ። አንድ ቀን እነሱ በሚገቡበት በር ልግባና ልይ" አለ። ለወንደላጤ ስንብት ምን ይደረጋል ብዬ ኢንተርኔት ላይ አነበብኩ። ረጅም መኪና ተከራዩ ይላል፣ ሻምፓኝ ክፈቱ ይላል፣ ባለ ብዙ ኮከብ ሆቴል ያዙ ይላል። አንዱንም አልተቀበልኩም። ሁላችንም የወር ቲኬት አለን፤ ፈጣኑን ባቡር እስካልተመኘን አገሩን ሁሉ ያዞረናል። ስንቅ ከቤት። ማደሪያ ከከተማው ዳር ያለ ፐንዚዮን፣ ይኸውም አንዲት ባልቴት የቤታቸውን ክፍል የሚያከራዩበት። የባንክ ካርድ ቁማር ቤት አይገባም። እያንዳንዱ ሰው ቢበላ የማያስለቅሰውን ያህል በኪሱ ይይዛል፤ ሲያልቅበት ቆሞ ያያል። ናሆም አንድ ዓይነት ቲሸርት እናሳትም ቢለኝ ጋሽ ተፈራም ይለብሱታል ወይ አልኩት፤ ተወው። ድሃ ሲዝናና ሰበብ ይጠየቃል፤ ሀብታም ግን አይጠየቅም። እኔ ሰበብ ላቀርብ አልፈለግኩም፤ ወንድሜ ሊያገባ ነው፣ ልናስደስተው ነው፣ አለቀ።

አርብ

ጋሽ ተፈራ ባንሆፍ የጠበቁን ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ባርኔጣ ደፍተው ነው። ዳዊትና ናሆም ኮፍያ ያለው ሹራብ ለብሰዋል። ከሩቅ ላየን ሽማግሌው ልጆቹን ይዘው ፍርድ ቤት የሚሄዱ ነው የምንመስለው። ሰላምታ ሰጠናቸው፤ አንድ በአንድ ሳሙን። እኔን ስመው ሲያበቁ ቦርሳዬን ከእጄ ሊቀበሉ ሞከሩ። አልሰጠሁም። በዚህ ጀመርን።

ግማሽ መንገድ ሳንሄድ ባቡሩ ሜዳ ላይ ያለች ትንሽ ጣቢያ ደረሰና ከዚህ አያልፍም ተባለ። ሻሸመኔ መናኸሪያ መኪና ሲበላሽ ረዳቱ ይሰደባል፣ ሹፌሩ ይምላል፣ የተጠበሰ በቆሎ የምትሸጥ ሴት ትመጣለች። ሌላው ቢቀር የምትጣሉት ሰው አለ። እዚህ ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ይወጣል፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ያያል። የምቆጣው ሰው ፍለጋ ጣቢያውን ዞርኩት። አንድ ሠራተኛ የለም። የሚተካው አውቶቡስ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ ስለሌለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ቁጭ አልን።

ጋሽ ተፈራ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ድፎ ዳቦና በክዳን ዕቃ የተያዘ የሱፍ ፍትፍት ነበር፤ አርብ ስለሆነ የጾም ይዘው ነው የወጡት። ለኛ አካፍለው የራሳቸውን ትንሽ አስቀሩ። ያን ጊዜ ነው የሚዜን ነገር ያነሡት። ሚዜ ማለት ፎቶ ላይ መቆም አይደለም አሉ፤ ሙሽራ የሠርጉ ዕለት አፍ የለውም፣ አይከራከርም፣ አይለምንም፣ አይቆጣም፤ ያን ሁሉ የሚያደርግለት ሚዜው ነው።

"ታዲያ እኔ መናገር የሚያቅተኝ ይመስልዎታል?" አልኳቸው።

"መናገርስ አያቅትሽም። ዝም ማለት ነው የሚያቅትሽ" አሉኝ።

ናሆም ሳቅ ሊያፍን ሲል ፍትፍቱ ትን አለው። ዳዊት ጀርባውን እየመታ እኔን በዓይኑ ተይ ይለኛል። ተውኩ። ግን ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።

አውቶቡሱ መጣ፣ በየመንደሩ ዞረ፣ ሌላ ባቡር ላይ ጣለን። ከተማዋ የደረስነው ሲመሻሽ ነው። የፐንዚዮኑ ባለቤት ፍራው ሊንድነር ሰማንያ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናቸው። መዘግየታችንን ስልክ ደውዬ ነግሬያቸው ስለነበር ራት ሠርተው ጠበቁን። ራት በሒሳቡ ውስጥ የለም፤ ከልባቸው ነው። ድስቱ ሲከፈት ምስር ነው። ሁላችንም ደስ አለን፤ ጋሽ ተፈራማ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ብለው ፎጣቸውን ዘረጉ። ጭልፋው ሲወጣ ግን ከምስሩ ሥር ቋሊማ ተኝቷል።

ጋሽ ተፈራ በሚያምር ጀርመንኛ ይቅርታ ጠይቀው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። የሴትየዋ ፊት ወደቀ። እኔም ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነኝና አልበላሁም። ጴንጤው ናሆም ግን የሁላችንንም ድርሻ በላ፤ እንዲያውም ሴትየዋን ያጽናናቸው እሱ ነው። ምክንያቱን ሳስረዳቸው ፍራው ሊንድነር እናታቸውም አርብ አርብ ሥጋ አታስቀርብም ነበር አሉ፤ ከዚያ ዕንቁላልስ፣ ቅቤስ፣ ወተትስ እያሉ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ሁሉንም አይሆንም ስላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ምድጃው ተመለሱና ድንችና ሽንኩርት በዘይት ጠበሱልን። ጋሽ ተፈራ ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉ። ሚጥሚጣ ይዤ ነበርና ሴትየዋን ትንሽ አቀመስኳቸው፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ደግመው ጠየቁ።

ለወንዶቹ አንድ ሰፊ ክፍል፣ ለኔ ደረጃው ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ነው የያዝኩት። ጋሽ ተፈራ የኔን በር መቆለፊያ ሁለት ጊዜ ሞክረው ካዩ በኋላ ደኅና እደሪ አሉኝ። ስንቱን አገር ብቻዬን አቋርጬ ለመጣሁት ሴት። ተናድጄ ተኛሁ።

ቅዳሜ

ጠዋት የከተማዋን ነጻ ነገር ሁሉ አየን። መናፈሻው በነጻ ነው፣ ቅጠሉ ቀልቶ ነበር፤ ፍል ውኃውም በነጻ ነው። ከግድግዳ ላይ በነሐስ ቧንቧ ይወርዳል፤ አዛውንቶች በየተራ ብርጭቆ ይዘው ይጠጡታል፣ ፊታቸውን እንደ መድኃኒት ዋጮች ያጨማድዳሉ። ጨው ጨው ይላል። ወንዶ ገነት ብትሆኑ ከምንጩ በቆሎና ድንች ቀቅላችሁ ትበላላችሁ፣ ልጆች እየተንጫጩ ይታጠባሉ። እዚህ "እባክዎ ጸጥታ ይጠብቁ" የሚል ጽሑፍ አለ። ውኃ ጸጥታ ምን ያደርግለታል?

ከቀትር በኋላ የቁማር ቤቱን በር ለማየት ሄድን። በሩ ላይ ወንድ ያለ ኮት አይገባም የሚል ተለጥፏል። ሁሉን አቅጄ፣ ሁሉን ጠይቄ፣ ይህን አላየሁም። ጥፋቱ የኔ ነው። ኮት እዚያው ይከራያል ቢባልም ኪራዩ ለሩሌት፣ ለሚሽከረከረው ቁማር፣ ከያዝነው አይተናነስም። ሱፍ የለበሱት ጋሽ ተፈራ ብቻ ናቸው፤ እኔን ዞር ብለው አዩኝ። ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር።

አንገቴን ደፍቼ ፐንዚዮን ስመለስ ፍራው ሊንድነር ምን ሆናችሁ አሉ። ነገርኳቸው። ፎቅ ወጡና ተጣሩ። የሟች ባለቤታቸው ቁም ሣጥን ነበር፤ ከሞቱ ወዲህ ከልብስ ብል ይጠብቁታል እንጂ ከፍተው ለሰው አልሰጡም። ለዳዊት ሰማያዊ ኮት አወጡለት፣ ትከሻው ሰፋበት። ለናሆም ቡናማ፣ እጅጌው አጠረው። ሴትየዋ አፋቸው ውስጥ መርፌ ቁልፍ ይዘው ተንበርክከው የዳዊትን ወገብ ሰበሰቡለት። ካገባህ በኋላ ስትወፍር ልክህ ይሆናል ብለው ቀለዱ፤ ከዚያ ትንሽ ፊታቸውን አዞሩ። ጋሽ ተፈራ በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ቁማር ቤቱ ስንገባ ገና አልጨለመም። በሩ ላይ ያለው ሰው የጋሽ ተፈራን መታወቂያ አየት አድርጎ መለሰ፤ የኛን የመኖሪያ ፈቃድ ግን አገላብጦ፣ ለሌላው አሳይቶ፣ እንደገና አገላብጦ ያዘ። እኔም እሱ ወረቀቱን ያየውን ያህል ፊቱን ትክ ብዬ አየሁት። ቀድሞ ዓይኑን የሰበረው እሱ ነው። ገባን።

ውስጡ ወርቅ የተቀባ ጣሪያ፣ እንደ ቤት የሚሰፋ የመስታወት መብራት ነው። የገረመኝ ጸጥታው ነው። እኛ ሰፈር በካርታ አምስት ብር የተበላ ሰው ጎረቤት ይሰማል። እዚህ ሰው የወር ደመወዜን የሚያህል አስቀምጦ ሲወሰድበት ጉሮሮውን እንኳ አይጠርግም። ናሆም ጀቶኖቹን፣ ማለት ገንዘብ የሚተኩትን ክብ ፕላስቲኮች፣ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰና ቆሞ ማየት ጀመረ። ዳዊት አንዱን ጥቁር ላይ አስቀመጠ፣ ተበላ፣ ፈገግ አለ። ከዚያ በሟቹ ኮት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አዳራሹን ቀስ ብሎ ዞረ። ሻንጣቸውን ከሚያውቃቸው ሰዎች መሀል እንደማንም ሰው ሲራመድ አየሁት። ለዚህ ነው የመጣነው። ልቤ ሞላ።

ጋሽ ተፈራ ቁማር አልነኩም። መጠጥ የሚቀርብበት ጥግ አንድ ቀይ ጢም ያለው ወጣት ፒያኖ ይመታል፤ እዚያ አጠገቡ ለስላሳ ይዘው ተቀመጡ። እኔ ራቅ ብዬ ነው ያየሁት። ቀስ ብለው ለራሳቸው ያንጎራጉሩ ነበር። ልጁ ጆሮውን አዘነበለ። አንድ ጊዜ ሞክሮ ሳተው፣ ደግሞ ሞከረ፣ ከዚያ ያዘውና ትዝታን በሁለት እጁ መታው። አንዳንዷ ቦታ ትሳሳታለች፤ ግን ትዝታ ነው፣ እኔም ካለሁበት ደንዝዤ ቀረሁ። ጋሽ ተፈራ ተነሡ። ዓይናቸው ሞልቷል። ከደረት ኪሳቸው አንድ ኖት አወጡ፣ በምላሳቸው አረጠቡና የልጁ ግንባር ላይ ለጠፉለት።

እናንተ ይህን ስታነቡ አልደነገጣችሁም። ሠርግ ላይ ዘፋኝ ግንባር ላይ ያልለጠፈ ማን አለ? ልጁ ግን የተመታ መሰለው። ወደ ኋላ ተፈናጠረ፤ ክርኑ ፒያኖው ላይ የነበረውን የጉርሻ ብርጭቆ ገፋ፣ ብርጭቆው ወለሉ ላይ ተከሰከሰ፣ ሳንቲሙ ተበተነ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አስቡት። ሩሌቱ ሳይቀር የቆመ መሰለኝ። ሁለት ጠባቂዎች መጥተው ጋሽ ተፈራን ግራና ቀኝ ያዟቸው፤ አንደኛው ሠራተኛ መንካት ፖሊስ የሚያስጠራ ነገር ነው አለ።

ጋሽ ተፈራ ጀርመንኛቸው ከኛ ሁሉ ይበልጣል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስብሰባ የመሩበት ቋንቋ ነው። በዚያች ሰዓት ግን አንድ ቃል አልወጣቸውም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ልናገር የማልወደው ነገር ይኸ ነው፤ ከአርብ ጀምሮ እኚህ ሰው አንድ ጊዜ ሲሳሳቱ ባየሁ ስል ነበር የመጣሁት። ሲሆን ግን ደስ አላለኝም። እንደ አባቴ አንጀቴን በሉት።

ጠባቂው የዚህ ቡድን ኃላፊ ማነው ሲል ጠየቀ። ዳዊት ናሆምን አየ፣ ናሆም ወለሉን አየ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ኪሴ ውስጥ የነበረውን ኖት አወጣሁ፣ በምላሴ አረጠብኩና የራሴው ግንባር ላይ ለጠፍኩት። አዳራሹ ሁሉ እያየኝ፣ ገንዘብ ግንባሬ ላይ ይዤ፣ በጀርመንኛ አስረዳሁ። እኚህ ሰው ልጁን አልመቱትም፣ አከበሩት አልኩ። እኛ ዘንድ ሙያው ልብ የነካ ሰው ምስጋናውን የሚቀበለው እዚህ ነው፣ ሰው ሁሉ በሚያየው በግንባሩ ላይ፤ እንደ ለማኝ ብርጭቆ ውስጥ አንጥልለትም አልኩ። ፖሊስ ከተጠራም ኖት ተለጥፎብኝ እንዳለሁ ፖሊሱን እጠብቃለሁ አልኩ።

መጀመሪያ የሳቀው ፒያኖ መቺው ነው። የጋሽ ተፈራን ኖት ከወለሉ ለቅሞ አጠፈና የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ለጋሽ ተፈራ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣ። ለጠባቂዎቹም ምንም አልሆንኩም አላቸው። ፖሊሱ ቀረ። ግን የቤቱ ደንብ ደንብ ነው ተባለና አስወጡን። ሽማግሌው ብቻ ይውጡ ነበር ያሉት፤ አራታችንም ወጣን። የዳዊት ጀቶኖች እዚያው ቀሩ። ግንባሬ ላይ ያለውን ያነሣሁት ከበሩ ውጭ ነው።

መናፈሻው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን።  ጋሽ ተፈራ ለመጨረሻ ጊዜ ሰው የሸለሙት ተማሪ ሆነው ከአገር ሲወጡ በተደረገላቸው ግብዣ ላይ እንደነበር ነገሩን። "እዚህ አገር የኖርኩት ሳልሳሳት ነው። አንድ ቀን እንኳ ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። ዛሬ ምን ነካኝ?" አሉ።  ናሆም ከስንቃችን የቀረውን ዳቦ ቆርሶ አጎረሳቸው፤ ጎረሱ።

እሑድ

ጋሽ ተፈራ ማለዳ ተነሥተው ብቻቸውን ቤተ ክርስቲያን ፍለጋ ወጥተው ነበር፤ የኛን ባያገኙ የካቶሊኮቹን ቆመው ሰምተው ተመለሱ። ፍራው ሊንድነር ኮቶቹን ስንመልስ ሰማያዊውን ለዳዊት እምቢ አሉ፤ ይዘኸው ሂድ፣ ብል ከሚበላው ሙሽራ ይልበሰው አሉት። ዳዊት ጎንበስ ብሎ ሁለት ጉንጫቸውን ሳመ። ለመንገድ የፕለም ኬክ በወረቀት ጠቀለሉልን። እኔ ሚጥሚጣውን ትቼላቸው መጣሁ።

ባቡሩ እንደ አርቡ አላስቸገረም። ዳዊትና ናሆም እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጋሽ ተፈራ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያዞሩታል። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጌታነህን ሚዜው እሷ ትሁን እለዋለሁ አሉኝ። ደስታዬ ሳይጀምር "አንቺም እንግዲህ የትናንቱን ነገር..." ብለው ሳይጨርሱት ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ምንም ነገር እንዲህ አላሳዘነኝም። የአቶ ጌታነህን ሳቅ፣ የበር መቆለፊያውን ሁሉ ችዬ ነበር። ይኸ ግን የወንድሜን ጎን በዝምታዬ ዋጋ መግዛት ነው። እዚያ በቆምኩ ቁጥር ያን ማሰቤ አይቀርም።

"ጋሼ፣ የትናንቱን ለማንም አልናገርም" አልኳቸው። "ቢፈቅዱልኝም ባይፈቅዱልኝም አልናገርም። ሚዜነቱን ግን በዚያ አይስጡኝ። አልመጥንም ካሉ አትመጥንም ይበሉ፤ ፊት ለፊት እከራከርዎታለሁ።"

 ዳርምሽታት ስንደርስ የተማርኩበት ከተማ ነው አሉ፤ እሱንም ለኔ ይሁን ለመስኮቱ አላወቅሁም። እኔ በልቤ ጨርሻለሁ። ከእንግዶች መሀል ተቀምጬ ሳጨበጭብ ታየኝ፤ እጄ አመመኝ።

ፍራንክፈርት ባንሆፍ አቶ ጌታነህ ከሊያ ጋር ባቡሩ የሚቆምበት መድረክ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ሊያ ዳዊትን አቀፈችና የማነው ይኸ ሰፊ ኮት ብላ በጀርመንኛ ጠየቀችው። አቶ ጌታነህ ጋሽ ተፈራን ስመው፣ እኛን በሩቁ ሰላም ብለው፣ "እህስ፣ ልጆቹ እንዴት ነበሩ?" አሉ።

"ልጆቹ ደኅና ነበሩ። የተባረርኩት እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ተፈራ።

እዚያው መድረክ ላይ፣ ሰው ሻንጣ እየጎተተ በመሀላችን እያለፈ፣ ሁሉንም ተናገሩት። ፒያኖውን፣ እንባቸውን፣ ኖቱን፣ ብርጭቆውን፣ ጠባቂዎቹን። ምንም አላስቀሩም፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ነው የጨረሱት። አቶ ጌታነህ በመጀመሪያ ሊስቁ አሰቡና ተዉት። የሚዜውን ነገርስ ምን ቆረጡ ብለው ጠየቁ።

"እሱን የምቆርጠው እኔ አይደለሁም" አሉ ጋሽ ተፈራ። "ኃላፊው ማነው ሲባል አፋችንን ከያዝነው ወንዶች አንዱ እኔ ነበርኩ። እኔ ነኝ ያለችው እሷ ናት። ዳዊት ሲመርጣት አልተሳሳተም፤ የተሳሳትነው እኛ ነን።"

አቶ ጌታነህ ብዙ አዩኝ። እኔም አየኋቸው፤ ዓይኔን አልሰበርኩም።  ከዚያ ሰውዬው የመኪናቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው እያወጡ፣ እንደ ተራ ነገር፣ ሐሙስ ማታ ቤታቸው የሚዜዎች ስብሰባ እንዳለ ነገሩኝ።

"ሐሙስ ማታ ሥራ አለኝ" አልኳቸው።

"ቀይሪያ" አሉ።

የምሠራበት የአረጋውያን ቤት አለቃዬ ትመስክር፤ የሥራ ቀኔን ለማንም ብዬ ቀይሬ አላውቅም። ሰኞ ጠዋት ካፖርቴን ሳላወልቅ ቀየርኩት።